የኮምፒውተር ላቡ ተቆልፎ አዳራሽ እንሠለጥናለን

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ከአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ መክፈያ ጣቢያ ወዲህ፣ ኮንዶሚኒየሙን አልፋችሁ፣ የባጃጁ ልጅ «ከዚህ በላይ አልገባም» ብሎ የሚያወርዳችሁ ቦታ ነው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ክረምት ላይ ጫማችንን የሚያስቀረው ጭቃ ግን ጥቁር ነው፤ መረሬ።

ስለ መምህራን የቴክኖሎጂ ሥልጠና የሚወጡ ዜናዎችን እከታተላለሁ። ፎቶው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ባነር፣ የታሸገ ውሃ፣ መድረክ ላይ ሦስት ሰው። ከኋላ ነጠላዋን አጣፍታ የተቀመጠች ሴትዮ ካያችሁ እኔ ልሆን እችላለሁ። እስቲ ከኋላ ወንበር የሚታየውን ልንገራችሁ።

የመጨረሻው ሥልጠና ሁለት ቀን ነበር። ስለ ስማርት ቦርድ፣ ስለ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው፣ አጠቃቀም። አሠልጣኙ ጨዋ ልጅ ነው፤ ፓወርፖይንቱን ቃል በቃል አነበበልን። በሁለተኛው ቀን መብራት ሄደ፤ እሱ ግን ከወረቀት ማንበቡን ቀጠለ። ስማርት ቦርድ በኮረንቲ የሚሠራ ነገር መሆኑን ያኔ በደንብ ተረዳሁ። እጄን አውጥቼ «እኛ ትምህርት ቤት ስማርት ቦርድ የለም» አልኩት። «ሲመጣ ዝግጁ ትሆናላችሁ» አለኝ። ሻይ ጠጣን፣ አበል ፈረምን፣ ሰርተፍኬት ወሰድን። እንደዚህ ያለ ሰርተፍኬት ቤቴ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ 14 አለኝ።

ቴክኖሎጂ ጠል እንዳልባል የድሮውን ላንሳ። 1997 ላይ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ማስተማር ሲመጣ ገና ጀማሪ መምህርት ነበርኩ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ። ለእኔ የተተወችልኝ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበረች። ልጆቹ የሚታየውን ገልብጠው ሳይጨርሱ ያልፋል። እጅ ቢያወጡ ማን ያያቸዋል? የቴሌቪዥኑ መምህር አያይ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጠመኔዬን ይዤ ያልተዘጋጀሁበትን አስተምራለሁ። እውነቱን ለመናገር ግራፍ አሣሣሉ ግሩም ነበር፤ ዛሬም ቦርድ ላይ ስሥል እሱን ነው የማስመስለው። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም። ክፍል ውስጥ የቆምነውን እኛን ሳይጠይቅ መጣ፣ ሳይጠይቅም ሄደ።

ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ የሚባለውንም ሁላችንም እናውቀዋለን። በዓመት 60 ሰዓት፣ ዕቅድ፣ ማህደር፣ የሱፐርቫይዘር ፊርማ። ሐሳቡን ያመጣው ሰው አልተሳሳተም፤ መምህር እዚያው ሥራው ላይ፣ ከጓደኛው ጋር ይማር ነው ያለው። እኛ ግን ምን አደረግን? ይቅር ይበለኝና፣ የአምናውን ማህደር አውጥቼ ቀኑን ብቻ የቀየርኩበት ዓመት አለ። ብቻዬን አልነበርኩም።

የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገር ደነገጠ። እኛ ጋ የደረሰው ግን ቅጽ ነው። የትምህርት ቤት መሻሻል ቅጽ፤ መማር ማስተማር፣ ምቹ አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ እያለ አራት ዐቢይ ርዕስ ያለው። ራሳችንን ገመገምን። ለራሳችን ነጥብ ሰጠን። ጥሩ ነጥብ ነበር።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ጉዳይ ልምጣ።

አምና የአይሲቲ መምህር ተመደበልን። ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። አንድ ቀን መምህራን ክፍል ሮስተር፣ የልጆቹን የውጤት መዝገብ፣ በእጄ ስደምር አየኝ። ሁለት ጊዜ ደምሬ ሁለት የተለያየ ውጤት አግኝቼ ተናድጃለሁ። «ቲቸር፣ በኤክሴል ላሳይዎት?» አለ። እሺ ብዬ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩና እጄን ጭኔ ላይ አደረግኩ። «አይነክስም እኮ፣ ይንኩት!» ብሎ ሳቀብኝ።

በ40 ደቂቃ ውስጥ ድምር፣ አማካይና ደረጃ ማውጣት ቻልኩ። በሳምንቱ ሌላ ነገር አመጣ። የ20 ጥያቄ ፈተና ሰጥቼ ነበር፤ ምርጫ። «ድምሩን ብቻ አያስገቡ፤ እያንዳንዱ ልጅ የመረጠውን ፊደል ያስገቡ» አለኝ። 54 ልጅ በ20 ጥያቄ! አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ። ሆዴ ውስጥ ልጁን እየረገምኩ ነው ያስገባሁት። ከዚያ ካውንትኢፍ የምትባል ቀመር ጻፈልኝና ማን ምን እንደመረጠ በየጥያቄው ተቆጥሮ ወጣ።

ጥያቄ 11 ላይ ዓይኔ ቀረ። ኤክስ ሲደመር ሦስት፣ በቅንፍ፣ ካሬ ሲሆን ስንት ነው የሚለው ነው። ከ54ቱ 37ቱ ሐን መርጠዋል፤ የኤክስ ካሬ ሲደመር ዘጠኝ። መካከል ያለችው ስድስት ኤክስ የለችም። ልጆቹ ተበታትነው ቢሳሳቱ አላነበቡም ብዬ አልፈው ነበር። 37 ልጅ አንድ ዓይነት ስህተት ከተሳሳተ ግን ያስተማራቸው ሰው አለ። እኔ ነኝ። ቀመሩን በችኮላ አስገልብጬ እንዳለፍኩ ትዝ አለኝ፤ የስብሰባ ሳምንት ነበር።

ሻይ ቤት ለሌላኛው የሒሳብ መምህር ነገርኩት። እሱ የገበሬ ልጅ ነው። የቢል ወረቀቱን ገልብጦ መሬት ሣለልኝ። ጎኑ ኤክስ የሆነ ማሳ፣ በሁለት በኩል ሦስት ሦስት ሜትር ሲጨመርበት። ትልቁ ማሳ አለ፣ ጥጉ ላይ ዘጠኟ አለች፣ በሁለቱ ጎን ደግሞ ሦስት ኤክስ ሦስት ኤክስ። «እነዚህን ሁለቱን ለማን ትተሽ ነው?» አለኝ። በነጋታው ልጆቹን ሜዳ አውጥቼ በገመድ አስለካኋቸው። በሚቀጥለው ፈተና ያንኑ ዓይነት ጥያቄ የሳቱት 11 ናቸው።

ለዚህ አበል አልተከፈለም። ሰርተፍኬትም የለውም። 60 ሰዓቱ ውስጥም አልተቆጠረልኝም፣ ምክንያቱም ቅጹ ላይ «ሻይ ቤት» የሚል ቦታ የለም።

የኮምፒውተር ላቡስ? አለን። ከ38 ኮምፒውተር 11ዱ ይሠራሉ። በሩ ግን ተቆልፏል። ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም የያዝኩት፤ ነገሩ እንዲህ ነው። ዕቃው በአንድ ሰው ስም ተመዝግቧል፤ አንድ ማውስ ቢጠፋ ከደመወዙ ይቆረጣል። የመምህር ደመወዝ ደግሞ ማውስ አይሸከምም። ማን ይከፍታል? እኔም ብሆን አልከፍት። ስለዚህ ኤክሴል የተማርኩት በልጁ የግል ላፕቶፕ ነው፤ ቻርጅ ሲያልቅ ትምህርቱም ያልቃል።

ሐምሌ 2016 የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች የኢንተርኔት ሥልጠናም ማታ ማታ በስልኬ ሞክሬዋለሁ። ለወጣቶቹ ጥሩ ነገር ነው፣ ልጄንም አስመዝግቤያታለሁ። እኔ የዳታ ኮርሱን ጀመርኩና እንግሊዝኛው እያዘገመኝ እስከ መንፈቀ ሌሊት ቆየሁ። ጥያቄ 11ን ያሳየኝ ግን ጎኔ የተቀመጠው ልጅ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የአንድ ትምህርት መምህራን በሳምንት ሁለት ክፍት ፔሬድ ለሁላችንም በተመሳሳይ ሰዓት ይደረግልን። ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው ከፈለገ ይችላል፤ ለስብሰባ ሲሆን ይቻላል። የዚያ ሰዓት ሥራ ከ60ው ይቆጠርልን፤ ማስረጃው የፈተናችን ትንተና ይሁን እንጂ ባለቀለም ማህደር አይሁን። ለላቡም በሥራ ላይ ለሚጠፋና ለሚሰበር ዕቃ መተኪያ ሒሳብ ይያዝለትና ቁልፉ ይውጣ። አሠልጣኝ መላክ ካስፈለገም አንድ ብቻ ይላክልን። ይምጣ፣ የእኔን 54 ልጆች ሮስተር ይክፈት፣ ጎኔ ይቀመጥ።

ለእናንተም አንድ ነገር። ጋዜጠኛ የምትልኩ ከሆነ በሥልጠናው ቀን አትላኩ። ሐሙስ ከሰዓት በ9 ሰዓት ይምጣ፤ ያኔ ልጁ ክፍት ፔሬድ አለው፣ ላፕቶፑም ቻርጅ ተደርጎ ይጠብቃል። ሰኔ ውስጥ ከሆነ ቦት ጫማ ያድርግ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብ መምህርት፣ ከቱሉ ዲምቱ