ልጆች ስሜታቸውን በታሪክ ይናገሩ

ለአዘጋጁ፦

የአእምሮ ጤናን ለልጆች በመጽሐፍ ስለማስተማር ያወጣችሁትን ጽሑፍ እደግፋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ጤና ችግሮች ግማሽ ያህሉ ከ18 ዓመት በፊት ይጀምራሉ። ትንሽ ልጅ ግን «ጨንቆኛል» አይልም። ሆዴን አመመኝ ይላል፤ ያኮርፋል፤ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ስለ ራሱ መናገር የከበደው ልጅ ስለ ባለታሪኩ ሲጠየቅ አፉን ይፈታል። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

አንድ ስጋት አለኝ። በመጨረሻው ገጽ ሐዘኑ ብን ብሎ የሚጠፋበት መጽሐፍ ልጁን ያሳስታል። የእሱ ሐዘን አልለቅ ሲለው ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

በልጆች ዓምዳችሁ በየሳምንቱ አንድ አጭር ታሪክ አውጡ። ከሥሩም ወላጅ የሚጠይቃቸው ሁለት ጥያቄዎች ይኑሩ፦ «ባለታሪኩ ምን ተሰማው? ለማን ቢነግር ይሻለው ነበር?»

አንድ አንባቢ