የኢሲጂ ወረቀት ዳር ላይ ያለችውን ምልክት እዩልን

ሰላም የዝግጅት ክፍል፣ አባቴ ትንፋሽ እያጠረው ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ በሞገድ መስመር የሚያሳይ ምርመራ) ተነሳና ወረቀቱን ያየው ባለሙያ «ቮልቴጁ (የሞገዱ ቁመት) ዝቅ ብሏል፣ ልብዎ ዙሪያ ውሃ ሳይኖር አይቀርም» ብሎት ቤተሰቡ በሙሉ ሳንተኛ አደርን፣ በማግስቱ ሌላ ዶክተር ጋ ስንወስደው እሷ መጀመሪያ ያየችው የልብ ምቱን መስመር ሳይሆን ወረቀቱ ዳር ያለችውን የሳጥን ቅርፅ ምልክት ነው። ለካ 1 ሚሊቮልት 10 ሚሊሜትር ቁመት መሆን ሲገባው ማሽኑ 5 ላይ ተደርጎ ነበር፣ ሁሉም ነገር በግማሽ አንሶ ነው የታተመው! በጣም ነው ያናደደኝ።

እንዳስረዳችን ቮልቴጅ በትክክል ዝቅ አለ የሚባለው ትልቁ ሞገድ በእጅና እግር ሊዶች (ከሰውነት ላይ ከሚለጠፉት ገመዶች በሚነበቡት መስመሮች) ሁሉ ከ5 ሚሊሜትር፣ በደረት ሊዶች ደግሞ ከ10 ሲያንስ ነው፣ እሱም ቢሆን የልብ ዙሪያ ውሃ (ቲቢም ያመጣዋል) ብቻ ሳይሆን ውፍረት፣ የሳንባ በሽታ፣ የታይሮይድ ማነስም ሊሆን ይችላል። ከፍ ሲልም እንደዛው፣ ቀጭን ወጣት ላይ ልቡ ጤነኛ ሆኖ ሞገዱ ሊረዝም ይችላል፣ ስለዚህ ባለሙያዎች፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሳይታይ ሰውን አታስደንግጡ። እናንተም ታካሚዎች የድሮ ኢሲጂያችሁን አትጣሉ፣ ይዛችሁ ሂዱ፣ ዶክተሯ የአባቴን የአምናውን ከአዲሱ ጋር አስተያይታ ነው ለውጥ እንደሌለው ያረጋገጠችልን።