የሰበር ውሳኔ ሲዘገብ ማን እንደረታ ብቻ መናገር አይበቃም

ለዝግጅት ክፍሉ፤

መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለባቸው የተባሉ የመጨረሻ ውሳኔዎችን የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጣቸውን ውሳኔዎች ለአንባቢ ማድረሳችሁ ያስመሰግናል። ሆኖም ዘገባዎቹ በአብዛኛው ማን እንደረታና ምን እንደተፈረደለት ተናግረው ያበቃሉ። ለተከራካሪዎቹ ዋናው ነገር ይህ ቢሆንም፣ ለቀረነው የሚበጀን ችሎቱ ለሕጉ የሰጠው ትርጉም ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454፣ ከ5 ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ችሎት የሰጠውን የሕግ ትርጉም በየትኛውም እርከን ያለ የፌዴራልም ሆነ የክልል ፍርድ ቤት እንዲከተለው ካስገደደ ወዲህ፣ በሁለት ሰዎች የቤት ክርክር ላይ የተጻፈ አንድ አንቀጽ በጅማም በደሴም የሚታየውን መዝገብ ዕጣ ይወስናል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ነው። ድንጋጌው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲደረግና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል፤ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በተለይ የሚናገረው ቁጥር 2877 ግን የሚጠይቀው ጽሑፍን ብቻ ነው። ችሎቱ በ1999 ዓ.ም. ቁጥር 1723ን መሠረት አድርጎ፣ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል በሻጭና በገዥ መካከልም ቢሆን እንደማይጸና ወሰነ። አቋሙ የሕግ መከራከሪያ አያጣም፤ ያስከተለው ውጤት ግን ከባድ ነበር። በመንደር ውል፣ በሽማግሌ ፊት ተፈራርሞ፣ ዋጋውን ከፍሎ ቤቱን የተረከበ ገዥ፣ የቤት ዋጋ ሲንር ሻጩ «ውላችን በውልና ማስረጃ አልተመዘገበም» ብሎ ሲነሳበት መከላከያ አጣ። ውሉ ሲፈርስ የሚመለስለት ያኔ የከፈለው ብር ነው፤ በዚያ ብር ዛሬ ቤቱ ቀርቶ በረንዳውም አይገዛም።

በኋላ ችሎቱ ራሱ፣ ሻጩ ውሉን ማድረጉን እስካልካደ ድረስ አለመመዝገቡ ብቻውን ውሉን እንደማያፈርሰው በመተርጎም አቋሙን አለዝቧል። የዘገባ ጉድለት ሰውን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ውሳኔ ብቻ የሰማ ገዥ መብት የለኝም ብሎ በማይረባ ዕርቅ ይስማማል፤ ሁለተኛውን ብቻ የሰማው ደግሞ ምዝገባን ንቆ ይፈርማል፣ ቤቱን በመያዣ የያዘ ባንክ ወይም ሌላ ሦስተኛ ወገን ሲመጣ ጥያቄው እንደገና እንደሚነሳ የሚነግረው የለም።

ሁሉም ትርጉም እንዲህ አወዛጋቢ አይደለም። ችሎቱ በ2000 ዓ.ም. ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 እና ከዓለም አቀፉ የሕፃናት መብቶች ስምምነት ተነስቶ፣ ልጁ ከአባቱ ይልቅ ካሳደገችው አክስት ጋር እንዲቆይ የወሰነበት ፍርድ ዛሬም በአሳዳጊነት ክርክሮች ይጠቀሳል።

ሌላም የሚደባለቅ ነገር አለ። የሰበር አቤቱታ አስቀድሞ የሚታየው 3 ዳኞች በሚሰየሙበት አጣሪ ችሎት ነው፤ እዚያ «አያስቀርብም»፣ ማለትም ለሰበር ችሎቱ መቅረብ አይገባውም፣ የተባለ አቤቱታ ክርክሩን ይዘጋል እንጂ ማንንም የሚያስገድድ ትርጉም አይሆንም። ያም ሆኖ «ሰበር አጽንቶታል» እየተባለ ይጻፋል፤ የሙያ ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝና፣ በክርክር ላይ እንደ አስገዳጅ ትርጉም የሚጠቅሱትም አሉ። በሌላ በኩል በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 ቀድሞ የተሰጠን አስገዳጅ ትርጉም ለመለወጥ ከ7 ያላነሱ ዳኞች እንዲሰየሙ ስለሚጠይቅ፣ የዳኞቹ ቁጥር ራሱ ዜና ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ዘገባ የሰበር መዝገቡን ቁጥር፣ የተሰየሙትን ዳኞች ብዛት፣ የተተረጎመውን አንቀጽና የልዩነት ሐሳብ (ከብዙኃኑ ያልተስማማ ዳኛ አስተያየት) ካለም እሱን ጭምር እንዲይዝ እጠይቃለሁ። ውሳኔው የቀድሞ ትርጉምን የሚለውጥ ሲሆን፣ የተለወጠው ውሳኔ በየትኛው የሰበር ውሳኔዎች መድበል ቅጽ እንደታተመ ቢጠቀስ፣ ከ20 በላይ ከሆኑት ቅጾች መካከል የሚፈልገውን ለማግኘት የሚደክመው አንባቢ ብዙ ይቀልለታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጠበቃ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ