ክኒኑን ከመጀመርሽ በፊት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሐኪምሽ ለክሮንስ፣ ለዚያ ለአንጀት ቁስለት ሕመምሽ፣ አዛታዮፕሪን እንዳዘዘልሽ፣ አንቺ ግን ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብበሽ ክኒኑን ሳትነኪው እንደተቀመጥሽ እናትሽ ነገረችኝ። በስልክ ባወራሽ ግማሹ ይረሳል ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። ይህን ደብዳቤ ከመድኃኒትሽ ጋር አስቀምጪው።

መፍራትሽ አይገርመኝም። ያ ወረቀት ከማቅለሽለሽ እስከ ካንሰር ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ደርድሮ፣ የትኛው ብዙ ሰው ላይ እንደሚታይ፣ የትኛው ደግሞ ከስንት አንዴ እንደሚያጋጥም ለአንባቢው በቅጡ አይለይለትም። ዕድሜዬን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የሰው ደም ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝና ልለይልሽ። ልጄ፣ የዚህ መድኃኒት የሚያስቸግርሽ ነገር ሌላ ነው፤ የሚያሰጋሽ ነገር ሌላ ነው። የሚያስቸግረው ራሱ ይነግርሻል። የሚያሰጋው ግን ደህና ነኝ እያልሽ ሥራ በምትውዪበት ቀን ደምሽ ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ የሚያውቀውም ምርመራ ብቻ ነው።

አሠራሩን ካወቅሽ ሌላው ሁሉ ይገባሻል። ነጭ የደም ሕዋሳት ለመባዛት ፑሪን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈልጋሉ። አዛታዮፕሪን ሰውነት ውስጥ ወደ ሜርካፕቶፑሪን ይለወጥና ፑሪን መስሎ ገብቶ መባዛታቸውን ያዘገያል። በክሮንስ ሕመም አንጀትሽን የሚያቆስለው የገዛ መከላከያሽ ስለሆነ፣ መከላከያው ረገብ ሲል ቁስሉ ለመዳን ፋታ ያገኛል። አዲስ የሙከራ መድኃኒት እንዳይመስልሽ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የተሠራ ነው። ከሠሩት መካከል የነበሩት ገርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂቺንግስ በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ኤሊየን ወደዚህ ሙያ የገባችው አያቷ በሆድ ካንሰር ሲሞቱ አይታ ነው፤ ይህችን ሴት ሁልጊዜ አከብራታለሁ። ረጅም ዕድሜ ያለው መድኃኒት ጥቅሙ ጉዳቱም ተጠንቶ ያለቀ መሆኑ ነው።

ከሚያስቸግረው ልጀምር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊያቅለሸልሽሽ፣ ምግብ ሊያስጠላሽ፣ ራስሽን ሊያምሽ ይችላል። ከምግብ ጋር ውሰጂው፤ ማታ ከእራት በኋላ ሲሆን ብዙ ሰው ይቀልለዋል። ሐኪምሽ በ50 ሚሊግራም አስጀምሮ ቀስ እያለ የሚያሳድግልሽም ሰውነትሽ እንዲለምደውና ደምሽን እያየ እንዲሄድ ነው። ጾም እንደማትፈቺ አውቃለሁ፤ ባዶ ሆድሽን እንዳትውጪው እንጂ ሰዓቱን ወደ ማታ ማድረግ ትችያለሽ። የነፍስ አባትሽንም አማክሪያቸው፤ ለታመመ ሰው የሚሉት አያጡም። ጠበልም ብትሄጂ ደስ ይለኛል፤ መድኃኒትሽን ግን ይዘሽ ሂጂ።

ሁለት ነገሮች ግን በዚያው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመጡ የሚታለፉ አይደሉም። አንዱ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት አብረው ሲመጡ ነው። ጉንፋን ይመስላል፤ ሰውነት መድኃኒቱን አልቀበልም ሲልም ግን እንዲሁ ያደርጋል። ሁለተኛው የቆሽት ብግነት ነው፤ ከመቶ ሰው ሦስት ያህሉን ይይዛል። የላይኛው ሆድሽ ላይ የሚጀምር፣ ወደ ጀርባ የሚወጋና ከማስታወክ ጋር የሚመጣ ከባድ ሕመም ነው። የለመድሽውን የአንጀት ቁርጠት ታውቂዋለሽና ይህ ከዚያ ይለያል። ያን ቀን ክኒኑን ትተሽ ድንገተኛ ክፍል ትሄጃለሽ። ቆሽትን አንዴ ካስቆጣ ሁለተኛ አይወሰድም።

አሁን ወደ ደሙ ልምጣ፤ ብዕር ያነሳሁትም ለዚህ ነው። መድኃኒቱ የአንጀትሽን ጠላቶች መርጦ አይመታም። መቅኔ ውስጥ የሚመረቱትን ነጭ ሕዋሳት፣ ደም የሚያረጋውን ፕሌትሌትንም ሊያሳንስ ይችላል። መድኃኒቱን የሚሰብር ቲፒኤምቲ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ከ300 ሰው አንዱ ገደማ ከናካቴው የለውም ማለት ይቻላል። ለእንዲህ ያለ ሰው የተለመደው መጠን መቅኔውን ሊያቆመው ይችላል። የኢንዛይሙ ምርመራ እኛ አገር እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ ዋስትናሽ ሲቢሲ የሚባለው የደም ሕዋሳት ቆጠራ ነው። በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ ወይም ሐኪምሽ ባለው ልክ፣ ከዚያ እየራቀ ሄዶ በየሦስት ወሩ፣ መጠኑ በተጨመረ ቁጥር ደግሞ እንደገና በቅርብ በቅርብ። ኤንዛይሙ ደህና የሆነ ሰውም ቢሆን ከዓመታት በኋላ ነጭ ሕዋሱ ሊወርድ ይችላልና «ለምጄዋለሁ» ብሎ መተው የለም። የጉበት ምርመራውም አብሮ ይሠራ።

አንድ ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። የእኛ አገር ሰው ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሕዋሱ በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ብዙ አለ፤ ሕመም አይደለም፣ የትውልድ ጉዳይ ነው። ወረቀቱ ላይ የታተመው መደበኛ መጠን ግን ብዙውን ጊዜ ከሌላ ሕዝብ የተወሰደ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ዝቅ ያለ ቁጥር ቢወጣ፣ መድኃኒቱ ያወረደው ይሁን ድሮም የአንቺ የሆነ የሚታወቀው ከመጀመርሽ በፊት የተሠራ ውጤት ካለ ብቻ ነው። ያ ከሌለ፣ ወይ ያለ ምክንያት መድኃኒት ታቋርጫለሽ፣ ወይ እውነተኛው አደጋ «የተለመደ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱም ሲሆን አይቻለሁ። ውጤቶችሽን ሁሉ በቀን አስከትለሽ በአንድ ፋይል ያዢ፤ ላቦራቶሪም ባትቀያይሪ ጥሩ ነው። የቀይ ሕዋስን ትልቀት የሚለካው ኤምሲቪ ከፍ ቢል ግን አትደንግጪ፤ መድኃኒቱ ቀይ ሕዋሳቱን ተለቅ ማድረጉ የሚጠበቅ ነው።

በምርመራና በምርመራ መካከል ትኩሳት፣ ከባድ የጉሮሮ ሕመም፣ የአፍ ቁስል፣ ያልተመታሽበት ቦታ መበለዝ ወይም የድድ መድማት ካየሽ ሲቢሲ በዚያው ቀን ይሠራ። ዓይንሽ ቢጫ፣ ሽንትሽ የጠቆረ ሻይ ከመሰለም እንዲሁ።

ፋርማሲ ስትሄጂ ምንም ነገር ከመግዛትሽ በፊት «አዛታዮፕሪን እወስዳለሁ» በይ። ከሁሉ የከፋው የሪህ መድኃኒት አሎፑሪኖል ነው፤ የአዛታዮፕሪንን መውጫ መንገድ ስለሚዘጋ መጠኑ ወደ ሩብ ገደማ ካልተቀነሰ መቅኔን ይጎዳል። ባክትሪም የሚባለው አንቲባዮቲክም ከአዛታዮፕሪን ጋር ሲሆን ደም ሊያሳንስ ይችላል፤ እኛ ዘንድ እንደ ዋዛ የሚሸጥ ስለሆነ ነው የማነሳልሽ። ሕያው ክትባት፣ ለምሳሌ ለመንገደኛ የሚሰጠው የቢጫ ወባ ክትባት፣ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትወጊ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ከእንግዲህ ይቅሩብሽ። ክትፎሽን አብስለሽ ብዪው፤ አጎትሽ ቢያኮርፍም ያኩርፍ።

ስለ ካንሰሩ አልዋሽሽም። ሊምፎማ የሚባለው የነጭ ሕዋስ ካንሰር ዕድል ይጨምራል፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ከሚወስዱ 1,000 ሰዎች ውስጥ በዓመት አንድ እንኳ አይሞላም። የቆዳ ካንሰርም ስላለ የሐዋሳን የቀትር ፀሐይ በጃንጥላና በባርኔጣ ተከላከዪው። ይህን ሁሉ ስትመዝኚ በሌላው ወገን ያለውንም አስቢው፤ ሳይታከም የቆየ ክሮንስ አንጀትን ያጠብባል፣ ፊስቱላ የሚባል ከአንጀት የሚወጣ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ቀዶ ጥገና ላይ ያደርሳል። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን እወስደዋለሁ።

እስካሁን የምትወስጂውን ስቴሮይድ፣ ፕሬድኒሶሎኑን፣ በራስሽ እንዳታቆሚው። ፊትሽ ያበጠውና እንቅልፍ ያጣሽው በእሱ ምክንያት ነው፤ አስጠልቶሻል፣ አውቃለሁ። አዛታዮፕሪን ግን ለመሥራት ሁለት ሦስት ወር ይፈጅበታልና እስከዚያ የያዘሽ እሱ ነው። ሐኪምሽ ደረጃ በደረጃ ያወርድልሻል፤ ድንገት ከተተወ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ስቴሮይድ ማምረት ገና ስላልጀመረ ይወድቃል።

ከባልሽ ጋር ልጅ ስታስቡ ቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። አዛታዮፕሪን በእርግዝና ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላል፤ ፈርተሽ በራስሽ ብታቋርጪውና ሕመሙ ቢነሳ ለፅንሱም ለአንቺም የባሰ ነው። ሠፈር ውስጥ የሚነገርሽን አትስሚ።

እንግዲህ እናቴ፣ ሰኞ ጠዋት ሄደሽ ሲቢሲና የጉበት ምርመራ ተሠሪ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ካልተደረገልሽም ሐኪምሽን ጠይቂው። ውጤቱን ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ኒውትሮፊሉ የተጻፈበት መስመር በደንብ ይታይ። ክኒኑን ከዚያ በኋላ ማታ፣ ከእራትሽ ቀጥሎ ትጀምሪዋለሽ።

አባትሽ
ከደሴ