የተፈጥሮና አካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2012 ዓ.ም. ዘገባ፦ ሦስት ቀን በስሜን ተራሮች

ክበባችን የ2012 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው በቆጠራ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተካሄደው የችግኝ ተከላ አባሎቻችን ከግቢያችን ጀርባ ባለው ተዳፋት ላይ የተከሏቸውን የወይራ፣ የጽድና የዋንዛ ችግኞች መስከረም ላይ አንድ በአንድ ዞረው አዩ። ከግማሽ የሚበልጡት ፀድቀዋል። የቀሩትን አብዛኞቹን ፍየል በልቷቸው ስላገኘን በጥቅምት ወር ሁለት ቅዳሜዎችን እሾህ በማጠር አሳለፍን። ይህን ሥራ ከዚህ በላይ አልዘረዝረውም፤ የዓመቱን ዘገባ የምጽፈው በዋናነት ከኅዳር 5 እስከ 7 ቀን ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስላደረግነው ጉዞ ነው።

ጎንደር ተወልደው ያደጉ ልጆች ስሜንን ሳያዩ ትምህርታቸውን መጨረሳቸው ለብዙ ዓመታት ሲቆጨኝ ኖሯል። ጎብኚዎችን የጫኑ መኪኖች በየማለዳው በደጃችን አልፈው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ደባርቅ ይደርሳሉ፤ ልጆቻችን ግን ዋልያን የሚያውቁት ከብሔራዊ ቡድኑ ቅጽል ስምና ከመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ነው። ከ34ቱ ተጓዦች መካከል ደባርቅን አልፎ የሄደ እንዳለ ስጠይቅ ሦስት እጆች ብቻ ተነሡ። ሦስቱም ዘመድ ለመጠየቅ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርደው አዲአርቃይ ደርሰው የተመለሱ እንጂ የፓርኩን መሬት የረገጡ አልነበሩም።

የጉዞውን ወጪ ከፊሉን ወላጆች፣ ከፊሉን ደግሞ በወላጆች ቀን ቡናና ቆሎ ሸጠን ሸፈንነው። ለየሁለት ተማሪ አንድ ደብተር ታደለ፤ ከደብተሩ ጋር አንድ ሕግም ነበረው። እንስሳ ባገኘንበት ቦታ ሁሉ ማንም ሰው ስልኩን ከማውጣቱ በፊት ለ20 ደቂቃ ተቀምጦ ያያል፤ ያየውንም ይጽፋል። ይህን ሕግ ያወጣሁት በቀደሙት ዓመታት ባደረግናቸው አጫጭር ጉዞዎች ተማሪዎች ብዙ ፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰው ያዩት እንስሳ ምን ይበላ እንደነበር መናገር ሲያቅታቸው ስለታዘብሁ ነው።

ዓርብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፈን ረፋዱ ላይ ደባርቅ ገባን። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበን አስጎብኚና ጠመንጃ የያዘ ስካውት ከተመደበልን በኋላ ስለ ፓርኩ አጭር ገለጻ ተደረገልን። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ የተቋቋመ ሲሆን በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር አብሮ ገብቷል። በ1996 የዋልያ ቁጥር በማሽቆልቆሉ፣ እርሻና ግጦሽም ወደ ውስጥ በመስፋፋቱ በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቶ ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ከመዝገቡ ወጣ ማለት አደጋው አለፈ ማለት ነው?» ስትል ጠየቀች። አስጎብኚው መልሱን ነገ በዓይንሽ ታዪዋለሽ ብሎ አሳደራት።

ከቡዪት ራስ ጀምሮ የገደሉን አፋፍ ይዘን ወደ ሳንካበር በእግር ስንጓዝ የጭላዳ መንጋ ገጠመን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከጉዞው ሁሉ ለእኔም ለተማሪዎቼም ብዙ ያስተማረን ይህ ቦታ ነውና። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም፤ ከዝንጀሮና ከጦጣ ዘሮች ሁሉ ኑሮውን በዋናነት በሣር ላይ የመሠረተም እሱ ብቻ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ደጋግሜ አስተምሬዋለሁ፤ ነገር ግን ሜዳው ላይ ተቀምጠን ዝም ባልንበት ጊዜ መጀመሪያ የመጣልን የሣሩ ድምፅ ነበር። ከመቶ የሚበልጡ እጆች በአንድ ጊዜ ሣር ሲነጩ የሚሰማው ቅጭ ቅጭታ እህል የሚታጨድ ያስመስለዋል። እያንዳንዱ ጭላዳ በመቀመጫው ላይ እንደ ተደላደለ በአውራና በሌባ ጣቱ ቅጠሏን ለይቶ ይቆርጣል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይወስዳል፤ አጠገቡ ያለው ሣር ሲያልቅበትም ሳይቆም በቂጡ ተንፏቆ ጥቂት ይጠጋል። አንድ ትልቅ ወንድ ጎፈሩ እንደ ካባ ትከሻው ላይ ወርዶ፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ገላ ከሩቅ እየታየ፣ ሌላ ወንድ ሲቀርበው የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን አሳየው፤ የቀረበውም ፊቱን አዙሮ ሄደ። «ሳይማቱ ተጣልተው ሳይታረቁ ተለያዩ» ብሎ አንድ ተማሪ ጽፏል፤ ያየውን በትክክል ነው የጻፈው።

በዚያው ቦታ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ለአንዲት ግልገል ላዘለች እናት ብስኩት ወረወረች። ስካውታችን፣ ተማሪዎቹ ጋሼ የሚሏቸው ሸምገል ያሉ ሰው፣ ሳይቆጡ ሄደው ብስኩቱን ከመሬት አነሡና «ልጄ፣ ዛሬ ከእጅሽ የለመደች ነገ የገበሬ ገብስ ውስጥ ትገባለች፤ ገበሬው ደግሞ ድንጋይ ያነሣባታል» አሏት። ልጅቱ ማንም ሳያዛት ንግግራቸውን ቃል በቃል በደብተሯ አስፍራዋለች።

በሳንካበር፣ 3,250 ሜትር ላይ፣ በተከራየናቸው ድንኳኖች አደርን። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ራታችን ሽሮና ዳቦ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሶ በጥብጠን ጠጣን። ሌሊቱን ድንኳኑ ደጅ የተረሳ የውኃ ኮዳ ጠዋት በላዩ በረዶ ጋግሮ ተገኘ። ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ስለማይታይ ልጆቹ ኮዳውን እየተቀባበሉ አዩት።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን በአውቶቡስ ወደ ጨነቅ አቀናን። መንገድ ላይ አስጎብኚው መኪናውን አስቆመና ለዚያች ተማሪ የገባላትን ቃል ፈጸመ። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በፓርኩ የተነሣው ቃጠሎ ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣርና የአስታ ዛፉን ደን ሲበላ ሰንብቶ የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ሲታገለው፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው እንደረዱ አስታወሰን። ቀጥሎም እሳት ባገኘው ቦታ ተንበርክከን የአስታን ጉቶ እንድናይ አደረገን። ግንዱ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ በእጅ ሲነኩት ጥላሸቱ ይቀራል። ከሥሩ ዙሪያ ግን ስንዝር የማይሞሉ ለጋ ቀንበጦች ወጥተው ነበር። አስታ ከሥሩ መልሶ የሚያቆጠቁጥ ተክል በመሆኑ ጊዜ ካገኘ ደኑ ይመለሳል፤ ከብት ቀንበጡን ከጋጠው ግን አይመለስም። ተማሪዋ «አደጋው አላለፈም፤ ጊዜ ተሰጥቶናል» ብላ ጻፈች። እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

እዚህ ላይ ስለ ሰዎቹም መናገር ያስፈልጋል። በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 መንደራቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ሜዳው አገግሞ ለአራዊቱ እንዲተርፍ አያት ቅድመ አያቶቹ የተቀበሩበትን መሬት የተወ ሰው መኖሩን ልጆቼ ሳያውቁ ቢመለሱ ትምህርቱ ጎደሎ ይሆን ነበርና፣ በደብተሩ ውስጥ አንድ ገጽ ለዚህ ጉዳይ እንዲሰጥ አድርጌያለሁ።

ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ያለ ሰፈር ነው፤ በላዩ 4,430 ሜትር ከፍታ ያለው ቧሂት ቆሟል። ሰው ሁሉ ትንፋሹ ያጥረዋል። አንድ ልጃችን ራሱን ክፉኛ ስላመመው ከአንድ መምህር ጋር ወዲያውኑ ዝቅ ወዳለ ስፍራ እንዲወርድ አደረግን፤ ከሰዓት በኋላ ተሽሎት አገኘነው። ከጎንደር ተነሥተን በማግሥቱ ጨነቅ መድረሳችን ችኮላ ነበር፤ ወደፊት አንድ ሌሊት ደባርቅ ማደር ይገባናል።

ዋልያዎቹን ያገኘናቸው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሰባት ነበሩ። ወንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ፣ በየስንዝሩ አንጓ ያለው ቀንድ ተሸክሞ፣ ጢሙን ነፋስ እያወዛወዘው ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ ሴቶቹና ግልገሎቹ ከእሱ በታች ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት በማይመስል ደረጃ ላይ ጓሳ ይግጣሉ። አንዲት ግልገል ስትዘል ጠጠር አፈናጠረች። ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን የሚወድቅበትን ድምፅ ስንጠብቅ ቆየን፤ አንዳንዶች ሰምተናል አሉ፤ እኔ አልሰማሁም። በዓለም ላይ ዋልያ በተፈጥሮው የሚኖረው በእነዚህ ተራሮች ብቻ ነው። ገደሉን የሙጥኝ ያለውም ገደል ስለሚወድ ብቻ ሳይሆን በሜዳው ላይ ጠመንጃው፣ ማረሻውና ከብቱ ስለቀደሙት ጭምር መሆኑን አስጎብኚው ሲያስረዳ ከተማሪዎቹ አንድም ስልክ ያወጣ አልነበረም። ሃያው ደቂቃ አልፎ እንኳ ሕጉ ማብቃቱን የሚያስታውሰኝ አልተገኘም።

ስንመለስ የጅንባርን ፏፏቴ ከማዶ አየን፤ ዝናቡ ካቆመ ሰንብቶ ስለነበር ውኃው ቀጥኖ ታች ሳይደርስ በነፋስ ይበተን ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጅብራዎች ቆመዋል፤ ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠል ብቻ ሆኖ ኖሮ አንድ ጊዜ ረጅም አበባ ያወጣና ይሞታል፤ አበባውን አውጥቶ ደርቆ የቆመውን ከሕያው ጎን ለጎን ሥለው ያመጡ ልጆች አሉ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ወፍራም አፍ ቁራ ምሳችንን ሲጠባበቅ ዋለ። ቀይ ቀበሮን አላየንም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 የማይበልጡ ሲሆን አብዛኞቹ ባሌ ናቸው፤ በስሜን ያሉት ጥቂት ናቸው። ጋሼ ግን የአይጥ ጉድጓድ የበዛበትን ሜዳ አሳይተውን ቀበሮው የሚያድነው እዚህ ነው አሉን፤ ልጆቹም ጉድጓዶቹን ቆጠሩ። ቅዳሜ ማታ ደባርቅ አድረን እሑድ ጎንደር ገባን።

ከጉዞው በኋላ አባሎቻችን ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍሎች ያዩትን እያነበቡ አስረዱ። ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ያቀድነው የችግኝ ጣቢያ ሥራ በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ቀን ሲዘጉ ተቋረጠ። በእነዚያ ወራት አሥራ አንድ ተማሪዎች በየግቢያቸው የሚመጡትን ወፎች መዝግበው ትምህርት ሲከፈት አምጥተውልኛል፤ እነዚህንም ተቀብለን አያይዘናል።

17ቱ ደብተሮች በአንድ ላይ ተጠርዘው በቤተ መጻሕፍታችን በሳይንስ መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ። ጭላዳ፣ ዋልያ፣ ቁራና ጅብራ የየራሳቸው ክፍል አላቸው፤ «ቀይ ቀበሮ» የሚለው ርእስ ሥር ደግሞ የ43 ጉድጓዶች ቆጠራና ከዚያ በታች ባዶ መስመሮች አሉ። በሚቀጥለው ጉዞ መካፈል የሚፈልጉ ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት ወደ ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ መጥተው መመዝገብ ይችላሉ፤ ወፍራም ካልሲና የራሳቸውን እርሳስ ይዘው ይምጡ፤ እስክሪብቶ በዚያ ብርድ አይጽፍም።