ከ«ፍሮም» ወደ «ዛን»፦ የእንግሊዝኛ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«የእንግሊዝኛ ክበብ ዓመቱን ሙሉ ማወዳደር ብቻ ሲያስተምር ከረመ» የሚል ሐሜት በመምህራን ማረፊያ ይሰማል። ሐሰት አይደለም፤ ምክንያት ግን አለን። በጥቅምት አባላቱ «ደሴ ከኮምቦልቻ ይበርዳል» የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ ስናዝ፣ አብዛኞቹ «ደሴ ኢዝ ኮልድ ፍሮም ኮምቦልቻ» አሉ። ስንፍና አይደለም። በአማርኛ ማወዳደሩን የሚሸከመው «ከ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ቅጽሉ ራሱ ተለውጦ «ኮልደር» ይሆናል፣ «ከ»ም «ዛን» ይባላል። «ይበልጥ»ን አስበው «ሞር ኮልደር» ያሉም ነበሩ፤ አንዱ ይበቃል። «ከሁሉ» ሲመጣም «ፍሮም ኦል» ይሉ ነበር፤ ትክክሉ «ዘ ቶለስት ኢን ዘ ክላስ» ነው፣ «ዘ» እንዳትረሳ።

የረቡዕ ስብሰባዎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ባለ አንድ ቀለም (ሲላብል) ቃል መጨረሻው ላይ «ኢአር» ወይም «ኢኤስቲ» ይጨምራል፤ ረጅሙ «ሞር» እና «ሞስት» ያስቀድማል። ያስቸገረን «ቢግ» ነው፦ አንድ አናባቢ በአንድ ተነባቢ ሲዘጋ ተነባቢው ይደገማልና «ቢገር» ሁለት «ጂ» ይዞ ይጻፋል። «ዲፐር» ላይ ግን አናባቢው ሁለት ስለሆነ «ፒ» አይደገምም። ከተውሳከ ግሦች «ስሎውሊ» «ሞር» ይፈልጋል፤ «ፋስት» ቅጽልም ተውሳከ ግስም ስለሆነ «ፋስተር» ይላል፤ «ዌል» እንደ «ጉድ» ሁሉ «ቤተር» ይሆናል።

በሚያዝያ «ሐይቅ» ወደሚባለው የወሎ ሐይቅ ወረድን። እያንዳንዱ አባል ውኃው ዳር ቆሞ አንድ ነገር እንዲያወዳድር ነበር። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ያልሰማናት የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ አርዲቦ የተባለው የጎረቤት ሐይቅ አካባቢ ልጅ፣ ተነስታ «ሐይቅ ኢዝ ቢገር ዛን አርዲቦ፣ በት አርዲቦ ኢዝ ሃየር» አለች። ጓደኞቿ ሳቁ፤ ትንሹ እንዴት ከትልቁ በላይ ይሆናል? እሷ ግን ሳትደነግጥ የአርዲቦ ውኃ በወንዝ ወርዶ ሐይቅ እንደሚገባ በእጇ እያሳየች አስረዳቻቸው። ሳቁ ቆመ። አንዱማ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

ከመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በኋላ አባላት ቀነሱ። የሰኔው ውድድርም ቀረ፤ የፎቶ ኮፒው ቀለም አልቆ ጥያቄዎቹን ማባዛት አልቻልንም። ኳስ ሲፈነዳ በሳምንቱ ይተካል፣ ቀለም ግን ሦስት ወር ያስጠብቃል። ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው አንድ ቀለም፣ አምስት ደስጣ ወረቀት፣ አምስት መዝገበ ቃላትና እስከ አርዲቦ የሚያደርስ የመኪና ኪራይ ነው። የቀድሞ ተማሪዎችና ወላጆች ዝርዝሩን ከክበቡ ተጠሪ ማግኘት ትችላላችሁ።