«ያለ ነው» ስንል ሁለት ቀን አለፈ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለቤቴን ማቅለሽለሽ የጀመራት በእርግዝናዋ ስድስተኛ ሳምንት ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ቡና ሲቆላ፣ የእኔ ሳሙና ሽታ ሳይቀር ያስመልሳታል። እናቴ «ያለ ነው፤ እኔም አንተን ሳረግዝ እንዲሁ ነበርኩ» አለች። አክስቴ «መሞላቀቅ ነው» አለች። ጎረቤት ደግሞ «ጨጓራዋ ይሆናል» አለ። (እኛ አገር በጨጓራ የማይሳበብ ነገር የለም።) ዝንጅብል አፈላሁላት። ቀላሉን ያስታግሳል፤ የእሷን ግን አልቻለውም።

ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ውኃ እንኳ ሆዷ አልረጋ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ! ሽንቷ ጠቆረ፣ ስትነሳ ያዞራታል። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወሰድኳት። አንድ ጉሉኮስ ተክለው ሸኙን። ግማሽ ቀን ተሻላት፤ ማታ ያው ሆነ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ሲስተሯ መጀመሪያ ሚዛን ላይ አወጣቻት። 58 ኪሎ የነበረችው 53 ገብታለች። ሽንቷን አስመርምራ ወዲያው ሪፈር ጻፈችልን። ሆስፒታል ያገኘናት ሐኪም ከጉሉኮሱ በፊት ቫይታሚን ቢ1 አዘዘች። ለሳምንታት በቅጡ ያልበላ ሰው ጉሉኮስ ብቻውን ሲገባለት የቀረችውን ቢ1 ያሟጥጥና አንጎል ሊጎዳ ይችላል አለችን። ብዕር ያነሳሁት በዋናነት ለዚህ ነው፤ የሰፈር ክሊኒኮች ይህችን ነገር ቢያስቡባት።

ለእኛ ለቤተሰብ ደግሞ ሐኪሟ የነገረችኝን ላካፍል። 24 ሰዓት ምንም ካልረጋላት፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ካልሸናች ወይም ከኪሎዋ ከመቶ 5 ከቀነሰች ነገን መጠበቅ የለም። ደም ካስመለሳት ወይም ትኩሳት ካላትማ ጭራሽ። ማስመለሱ ከዘጠነኛው ሳምንት በኋላ ገና ከጀመረ ወባ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የጉበት ችግር መመርመር አለበት። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ከኃይለኛ ራስ ምታትና ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው።

ለአክስቴም መልስ አግኝቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከፅንሱ በኩል የሚመነጭ፣ ማቅለሽለሹን የሚያመጣ ጂዲኤፍ15 የሚባል ሆርሞን አለ። ከእርግዝና በፊት ሰውነታቸው እሱን ያልለመደ ሴቶች ሲያረግዙ ይብስባቸዋል። አንብቤላት ዝም አለች።

ባለቤቴ አሁን 22ኛ ሳምንቷን ይዛለች። ሽሮ ትበላለች። እኔ ግን ቡና የምጠጣው እስካሁን ጎረቤት ሄጄ ነው።

አንድ አባወራ፣ ከአዲስ አበባ